የመምህር ቱ ጡቦች

ሊቀመንበር ጉዎ ደህና ወሬ ሲኖረው ከመንገድ ማዶ ሆኖ ይጮሃል፤ ክፉ ወሬ ሲኖረው ግን ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ መምህር ቱ ቲየንፉ፣ ሰውየው አንድ ፌስታል ዘይቱን አንጠልጥሎ በራቸው ላይ ቆሞ ሲያዩት፣ ገና ሰላም ሳይባባሉ ወንበር ሳቡለት።

«ተቀመጥና ተናገር» አሉት።

«መምህር፣ ትናንት ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር።»

«እሱንማ ዘይቱኑ ነገረኝ።»

ጉዎ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ ሦስት የዓሣ ኩሬ አለው። መምህር ቱ ግን ባዩት ቁጥር የሚታያቸው ያ ከአሻንጉሊት መድረካቸው ሥር ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ የሚያፈጥጠው ልጅ ነው።

«በዋንግዬ ልደት ቀን የአሻንጉሊቱ ጨዋታ ይቅርና የዘፋኞች መኪና ይምጣ የሚሉ አሉ» አለ ጉዎ ዘይቱኑን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «መብራት አለው፣ ሴቶች ይዘፍኑበታል፣ ሰው ይሰበስባል። እኔ አልተስማማሁም።»

«አልተስማማህም፤ ግን መጣህ።»

«ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው፣ መምህር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስልሳ በርጩማ ደርድረን ስልሳ ባዶ በርጩማ እንሰበስባለን።»

«እኔ የምጫወተው ለዋንግዬ ነው። እሳቸው ያያሉ።»

«እሳቸውማ ያያሉ። ግን ስብሰባ ላይ አይመጡልኝም።»

ዋንግዬ የዚህች የባሕር ዳር ከተማ ጠባቂ አምላክ ናቸው። በልደታቸው ቀን ከቤተ መቅደሳቸው ደጃፍ ትይዩ መድረክ ይቆማል፤ እዚያ ላይ መጀመሪያ የመምህር ቱ አባት፣ ከዚያም ራሳቸው መምህር ቱ የእጅ አሻንጉሊት ሲያጫውቱ ሰባ ዓመት አልፏል። መድረኩ ፊቱን የሚያዞረው ወደ አምላኩ ነው። ሰው መሀል ገብቶ ካየ አየ፤ ካላየም ጨዋታው አይቋረጥም። ሌሎቹ ቤተ መቅደሶች መምህር ቱን መጥራት ካቆሙ ቆይተዋል። የቀራቸው ይሄ አንድ ቀን ነው። ይሄም ከሄደ በሣጥን ውስጥ የተኙት አርባ ሁለት አሻንጉሊቶች ዳግመኛ እጅ አይገባባቸውም።

«እንዲህ ተስማምተናል» አለ ጉዎ፣ ዓይኑን ዘይቱኑ ላይ ተክሎ። «መጋረጃው ሲከፈት ከስልሳው በርጩማ ሠላሳው ሰው ከተቀመጠበት፣ እኔ ባለሁበት ማንም አፉን አይከፍትም።»

«ካልተቀመጠበትስ?»

ጉዎ ዘይቱኑን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው። ልደቱ ሊደርስ የቀረው አሥር ሳምንት ነበር።

በማግስቱ ምሳ ላይ መምህር ቱ ነገሩን ለልጅ ልጃቸው ለዩቸን ነገሯት። ዩቸን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከእሳቸው ጋር ትኖራለች፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው የበረዶ ሻይ ቤት ትሠራለች። ሰምታ ስትጨርስ አልተናደደችም፤ እንደ ጥፋተኛ አቀረቀረች።

«አጎንግ» አለች፤ አያቷን የምትጠራቸው እንደዚያ ነው፤ «አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይቆጡ። ልጆቹ የት እንዳሉ ያውቃሉ?»

«ትምህርት ቤት።»

«ስልካቸው ውስጥ ናቸው። እኛም እዚያው ብንሄድስ ብዬ ‹የደወል ሌባው›ን፣ ጄኔራልዎ ሌባውን የሚያሳድድበትን ጨዋታ፣ ጌም ላደርገው ጀምሬያለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»

መምህር ቱ ያነሱት የዓሣ ሾርባ ማንኪያ አፋቸው ሳይደርስ ቆመ።

«ጄኔራሉን ስልክ ውስጥ?»

«ፎቶውን ነው፣ አጎንግ። እሱ ሣጥኑ ውስጥ እንደተኛ ነው።»

ላፕቶፗን አምጥታ ከሾርባው አጠገብ ከፈተችው። ጌም መሥሪያው ብዙ ነው አለች፤ ለጀማሪ የሚሆኑትን ለይታ ሦስት ላይ ደርሳለች፤ ለእያንዳንዳቸውም የራሷን ስም አውጥታላቸዋለች።

የመጀመሪያው «ባዶው ክፍል» ነው። ሲከፈት ግራጫ ሜዳ ብቻ ነው የሚታየው።

«ምንም የለበትም እኮ» አሉ መምህር ቱ።

«ለዚህ ነው የፈለጉትን ሁሉ የሚችለው። ትእዛዙን ግን በጽሑፍ እየጻፉ ነው፤ አንዲት ነጥብ ከተሳሳተች ይቆማል።» ቀጥላም የሠራችውን አሳየቻቸው። የዋንግዬ ቤተ መቅደስ በር ነበር፤ ጣሪያው ላይ ያሉት ዘንዶዎች ቅርፊታቸው አንድ በአንድ ተስሏል። መምህር ቱ ተጠግተው አዩ፤ ደስ አላቸው። ወዲያው ረጅም ጢም ያለው ጄኔራላቸው ከበሩ ወጣ፤ ወጣና መሬቱን ሰንጥቆ ቁልቁል ወርዶ ጠፋ።

«የት ሄደ?»

«ወደቀ።»

«ወዴት ነው የወደቀው?»

«መሬቱን ‹ጠንካራ ነህ› ብዬ አልነገርኩትም። እንዴት እንደሚነገረው እየፈለግኩ ነው።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እየወደቀ ነው?»

ዩቸን ሁለተኛውን ከፈተች። እሱ «መንደሩ» ነው። ቤቱም፣ ጉድጓዱም፣ ሰይፉም፣ ሰውም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ እያነሱ መትከል ብቻ ነው። በግማሽ ሰዓት ሰው ከሰው የሚነጋገርበት ታሪክ ይቆማል። መምህር ቱ ይሄን ወደዱት፤ ቀረብ ብለው የጀግናውን ፊት እስኪያዩት ድረስ። ፀጉሩ ቢጫ ነበር፣ ሽቅብም ቆሟል።

«ይሄ የማን አገር ሰው ነው?»

«የማንም። በመንደሩ የተሠራ ጌም ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ይመስላል፤ ልጆቹ ገና ሲያዩት ያውቁታል። ስልክ ላይ መጫኑም ያስቸግራል።»

ሦስተኛውን ልትዘለው ነበር፤ እሳቸው ናቸው «ያኛውስ?» ያሉት።

«እሱ ‹ጡቦቹ› ነው። አራተኛ ክፍል ላይ የሚማሩበት ነው። ትእዛዙ በቀለም ጡብ ተሠርቷል፤ ‹ሂድ›፣ ‹ዙር›፣ ‹ድገም› እያሉ አንዱን ባንዱ ላይ መደርደር ነው። ጽሑፍ የለውም። ሊንኩ ከተላከ በማንኛውም ስልክ ይከፈታል። ግን ቀርፋፋ ነው፣ ትልቅ ነገር አይችልም፤ መልኩም እንዲሁ ነው።» አንድ ልጅ የሠራውን አሳየቻቸው፤ አንዲት እንቁራሪት እየዘለለች ሐብሐብ ትበላለች።

«ይሄማ መጫወቻ ነው» አሉ መምህር ቱ።

«አዎ፣ መጫወቻ ነው» አለች ዩቸንም፤ በዚህ ብቻ ተስማሙ።

ሁለት ቀን ተከራከሩ። እሷ ባዶውን ክፍል አልለቅም አለች፤ እሳቸው ደግሞ ጨርሶ ቢቀር ይመርጡ ነበር፣ ካልቀረ ግን መንደሩ ይሁንና ፊቶቹ በቀለም ይለወጡ አሉ። በሦስተኛው ቀን መምህር ቱ ጫማቸውን አደረጉ።

«ዋንግዬን እንጠይቅ። እሳቸው ያሉት ይሆናል።»

ቤተ መቅደሱ ውስጥ ጠባቂዋ አክስት ሹጂን ብቻ ነበሩ፤ ወለሉን ይጠርጋሉ። መምህር ቱ ከመሠዊያው ላይ ሁለቱን ቀይ እንጨቶች አነሱ። እንጨቶቹ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አላቸው፤ አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ፣ አንዱ ቆልማማ ነው። ተጥለው አንዱ በጠፍጣፋው ሌላው በቆልማማው ካረፈ አምላኩ «እሺ» ብለዋል፤ ሁለቱም ጠፍጣፋ ጎናቸውን ወደ ላይ ካደረጉ እየሳቁ ነው፤ ሁለቱም በግንባራቸው ከተደፉ «እምቢ» ነው። ተከታትሎ ሦስት ጊዜ «እሺ» ከመጣ ነገሩ አለቀ፤ ሰው አይሽረውም።

«መጀመሪያ የማይረባውን ላስወጣ» ሲሉ ለዩቸን ሹክ አሏት። «ጡቦቹን እምቢ ሲሉ ሁለት ይቀሩናል።»

ዩቸን ሳቋን ዋጠች። መምህር ቱ ተንበርክከው፣ ወጉ እንደሚያዘው ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውንና አድራሻቸውን ተናገሩ።

«እኔ ቱ ቲየንፉ፣ ሰባ ሦስት ዓመቴ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ሦስተኛው መንገድ ላይ የምኖር፣ የደወል ሌባውን ጨዋታ በእነዚህ በሁለት እጆቼ በጡቦቹ ልሠራው ወይ?»

እንጨቶቹ ወለሉ ላይ ተንቀጫቀጩ። እሺ።

ዩቸን ፍርፍር ብላ ሳቀች። መምህር ቱ እንጨቶቹን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ደግመው ጣሉ። እሺ። አሁን የሳቀ የለም። ሦስተኛው ላይ አንደኛው እንጨት በጠርዙ ቆሞ ዞረ፤ ዞረ፤ ሊደፋ ያለ መሰለና በጀርባው ተንጋለለ። እሺ።

የአክስት ሹጂን መጥረጊያ ቆመ።

«አንተ ቲየንፉ፣ ኮምፒውተር ታውቃለህ እንዴ?»

«እኔ? እኔ ምን አውቄ? እሷ ናት የምትሠራው።»

«እንደዚያ አላልክማ። ስምህን ጠራህ፣ ቤትህን ተናገርክ፤ ‹በእነዚህ በሁለት እጆቼ› አልክ። እኔም ሰማሁ፣ እሳቸውም ሰሙ።»

የመምህር ቱ ፊት አመድ መሰለ። አሻንጉሊት አጫዋች ሁሉ መጋረጃ ከመክፈቱ በፊት ለአምላኩ «በእነዚህ በሁለት እጆቼ አገለግላለሁ» ይላል፤ ከአባታቸው ተምረው ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሉት ኖረዋል። አፋቸው ለምዶት ሳያስቡት ወጣ። እንጨቶቹን አንስተው ተቻኩለው ጠየቁ።

«ለልጅ ልጄ ላስተላልፈው ወይ?»

ሁለቱም ጠፍጣፋ ጎናቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንጋለሉ። ሳቅ። እንደገና ጣሉ፤ ሳቅ። ለሦስተኛ ጊዜ ጣሉ፤ ሳቅ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ስጠርግ» አሉ አክስት ሹጂን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሦስት ጊዜ ተከታትለው ሲስቁ አይቼ አላውቅም።» ትንሽ ቆዩና ጨመሩ፤ «ነገ ከሰዓት ሾርባ ይዤ እመጣለሁ። ማን እንደሚሠራው ለማየት።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ዩቸን ከፊት ከፊት ትፈጥን ነበር። የሦስት ሳምንት ድካሟ ከእንጨቶቹ ጋር ወለሉ ላይ ፈስሶ ቀረ። መምህር ቱ ደግሞ በየመንገዱ እየቆሙ እጃቸውን ያያሉ፤ የራሳቸው እጅ ያልሆነ ይመስል።

«ማውሱን እንደ ሐር ትል ያዙት፣ አጎንግ» አለች በማግስቱ። «ሲያፍኑት አይሄድም።»

አክስት ሹጂን እንዳሉት መጥተው ነበር፤ ሾርባቸውን አስቀምጠው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዩቸን እጇን ወደ ማውሱ ባሳበች ቁጥር ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ስለዚህ ልጅቷ በአፏ ብቻ ታስረዳለች፤ ሽማግሌው ጡቦቹን ይጎትታሉ። ጄኔራሉን ፎቶ አንስተው አስገቡት። «ሂድ» የሚለውን ሰማያዊ ጡብ አስቀመጡ፤ ጨዋታውን የሚያስጀምረውን ባንዲራ ነኩ። ጄኔራሉ ከስክሪኑ ግራ ጠፍቶ ቀኝ ላይ ተገኘ።

«ምን ሆነ?»

«ሄደ።»

«ይሄ መሄድ ነው? ይሄ መሰረቅ ነው!» መምህር ቱ ተቆጡ። «ጀግና ሲገባ ሦስት እርምጃ ይሄዳል። ይቆማል። ወደ ግራ ያያል፣ ወደ ቀኝ ያያል፣ ጢሙን ይዳብሳል። ከዚያ በፊት አገር ቢቃጠል አይናገርም። ‹ቁም› የሚል ጡብ የለም?»

«‹ጠብቅ› የሚል አለ።»

«እሱን ስጪኝ።»

እርምጃ፤ ጠብቅ። እርምጃ፤ ጠብቅ። እርምጃ፤ ረዘም አድርገህ ጠብቅ። ራስ ወደ ግራ፤ ጠብቅ። አንዷን ጡብ ጎትቶ ከሌላው ጋር ማጋጠም ለእሳቸው ደቂቃዎች ይፈጃል። አክስት ሹጂን ሸለብ አደረጋቸው። ዩቸን ሳህን ልታጥብ ተነሳች። ስትመለስ መምህር ቱ ባንዲራውን ነኩ፤ ልጅቷም እጇ እንደራሰ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ጄኔራሉ ገባ። ከልጅነቷ ጀምሮ ከመድረክ ጀርባ ሆና ያየችው ያው ጄኔራል፣ ያው አገባብ፣ ያው ትዕቢት። ያ ጠፍጣፋ ፎቶ ቆሞ ሲያስብ አየችው።

«ይሄን ማን አሳየዎት?»

«አንቺ ነሽ። ‹ጠብቅ› የሚል አለ አልሽኝ።»

ቀርባ ጡቦቹን ቆጠረች። ሃያ ስድስት ናቸው፤ አሥራ አራቱ «ጠብቅ» ነበሩ። ጌም መሥራት በተማረችበት የኢንተርኔት ኮርስ ላይ ሁሉም ሰው፣ እሷም ጭምር፣ እንዴት እንደሚያስሮጥ፣ እንዴት እንደሚያስዘልል ነበር የሚጠይቀው። ስለ መጠበቅ የጠየቀ አልነበረም።

«እኔ ሦስት ሳምንት የዘንዶ ቅርፊት ስስል» አለች፤ ድምፅዋ ግማሽ ሳቅ ግማሽ ለቅሶ ነበር።

«ዘንዶሽ ቆንጆ ነው።»

«ዘንዶ ማን ጠየቀኝ!»

ዘንዶዎቹ ግን አልተጣሉም። አክስት ሹጂን፣ ሥዕል መስጠት እጅ ማስገባት አይደለም ብለው ፈረዱላት፤ የቤተ መቅደሱ በር ተቀንሶ ከጄኔራሉ ኋላ ቆመ።

ስምንት ሳምንት ሠሩ። መምህር ቱ ጡቦቹ ምን እንደማይችሉ አወቁ፤ ሦስት አሻንጉሊት ባንዴ ሲንቀሳቀስ ይንተባተባሉ፣ ጢም ሲነፍስ ማሳየት አይሆንላቸውም። «እኔም ያለኝ ሁለት እጅ ነው» ብለው ሁለት ሁለት አድርገው አወጧቸው። ሌባው ደወሉን ተሸክሞ በጨው ማምረቻው መሀል ይሮጣል፣ ተጫዋቹ ጄኔራሉን እያስዘለለ ያሳድደዋል፣ አንድ ፍልሚያም አለ። ልደቱ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀር ግን ታሪኩ ገና ግማሽ ነበር።

«አላለቀም» አለች ዩቸን፤ የጨነቃት ያስታውቃል። «አያልቅምም።»

«እንቁረጠዋ።»

«እንዴት ይቆረጣል?»

«አባቴ ሰባት ቀን የሚፈጅ ጨዋታ ሲጫወት ሰይፉ ከላይ እንዳለ መጋረጃ ይዘጋል። ሰው እየተሳደበ ይሄዳል፤ ነገ ይመጣል።» ሌባው በቤተ መቅደሱ በር ዘልሎ ሲገባ ሁሉም ነገር ቆመ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ወጣ፤ «የት እንደገባ ለማየት ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋንግዬ ደጃፍ ኑ።» ረቡዕ ከሰዓት ትናንሾቹ ልጆች ትምህርት የላቸውም።

ዩቸን በስልክ ካሜራ የሚነበበውን ምልክት አትማ ሻይ ቤቱ መስኮት ላይ ለጠፈችው። በመጀመሪያው ቀን የተጫወቱት ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ አምስቱ ዩቸን ራሷ ነበረች። በሁለተኛው ቀን አሥራ አንድ። መምህር ቱ ወደ ላፕቶፑ መቅረብ ተዉ፤ ሣጥናቸውን ከፍተው አሻንጉሊቶቹን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ያዙ፤ መሰናበት ይመስል ነበር።

በአምስተኛው ቀን ዩቸን ሽርጧን ሳትፈታ እየሮጠች ገባች።

«ስድስት መቶ አሥራ አራት!»

«የምኑ ቁጥር ነው?»

«የተጫወቱት!»

አላመኑም። ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት። ከሥሩ ልጆች አስተያየት ጽፈዋል፤ ዩቸን አነበበችላቸው። «ሰውዬው ለምንድነው እንዲህ የሚኮራው?» «ጢሙን ሲዳብስ ሞትኩ!» «እናቴም ተጫወተችው።» አንዱ ደግሞ፤ «የሠራው ልጅ ስንተኛ ክፍል ነው? ጠብቅ አብዝቷል።»

«አብዝቷል?» መምህር ቱ ተነሡ። «መልሺለት!»

«ምን ልበለው?»

«ሰባ ሦስተኛ ክፍል ነው በይው።»

ሳቋ ሳያልቅ እሳቸው ሌላ ነገር አዩ። ከታች በኩል ጄኔራላቸው ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ ነበር። ከአጠገቡ በሌላ ሥዕል ጄኔራሉና ሌባው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይደንሳሉ።

«ይሄ ምንድነው? ሰረቁኝ?»

«አልሰረቁም፣ አጎንግ። በጡቦቹ የተሠራን ነገር ማንም ከፍቶ ውስጡን ማየት ይችላል፤ ቀድቶም የራሱን ይጨምርበታል። የመሥሪያው ወግ ነው። ልነግርዎት ነበር፤ ረሳሁት።»

መምህር ቱ ተቀመጡ። አባታቸው የጣቶቻቸውን አኳኋን ሌላ ቡድን እንዳያይባቸው ልጃቸውን እንኳ ያስተማሩት እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው ነበር። ያ ሁሉ ጥንቃቄ አሁን ለማንም አላፊ አግዳሚ ተዘርግፏል። ባለሞተሩን ክፈቺው አሏት። ዩቸን ከፈተችው። ልጁ ሞተሩን ጨምሯል፣ ድምፅ ጨምሯል፣ ሰማዩን ሐምራዊ አድርጎታል፤ ጄኔራሉ ግን ከሞተሩ ወርዶ ሦስት እርምጃ ሄደ፤ ቆመ፤ ወደ ግራ አየ፤ ወደ ቀኝ አየ።

«አንዷንም አልነካትም» አሉ መምህር ቱ፤ ቀስ ብለው። ሌሎቹንም አሥራ አንድ ቅጂዎች አስከፈቱ። አሥራ ሁለቱም ውስጥ «ጠብቆቹ» በየቦታቸው ነበሩ።

በልደቱ ቀን፣ ረቡዕ፣ ነፋስ ነበር። የጉዎ ሰዎች ስልሳውን ቀይ የፕላስቲክ በርጩማ በስድስት ረድፍ ደረደሩ። መድረኩ በእንጨት የተቀረጸ ትንሽ ቤተ መንግሥት ነው፤ አጫዋቹ ከኋላው ቆሞ እጆቹን ሽቅብ ያነሳል፤ ውጭውን የሚያየው በአምዶቹ መሀል ባለች የጣት ስፋት ባላት ቀዳዳ ብቻ ነው። ድምፅ ማጉያው ስለ ተንጫጫ ዩቸን ገመዱን ልታይ ዞራ ሄዳለች። የተቀዳው የከበሮና የቃጭል ሙዚቃ በኃይል ያስተጋባል፤ ሌላ ምንም አይሰማም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መምህር ቱ ዓይናቸውን ቀዳዳዋ ላይ አደረጉ።

ቀይ በርጩማ። ቀይ በርጩማ። አንደኛውን ረድፍ አዩ፣ ሁለተኛውን አዩ፣ እስከ ስድስተኛው ሄዱ። ነፋሱ አንዱን ገለበጠው። ከሁሉም ኋላ ጉዎ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ብቻውን ቆሟል።

ስድስት መቶ አሥራ አራት፤ አንድም ሰው አልመጣም። ልብሱን የለበሰው ጄኔራል ቀኝ እጃቸው ላይ ከበደ። ሊቀመጡ ፈለጉ፤ ግን ከበርጩማዎቹ ባሻገር የቤተ መቅደሱ በር ክፍት ነበር፤ እሳቸውን የሚጠብቅ ተመልካች እዚያ ተቀምጧል። «በእነዚህ በሁለት እጆቼ» አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸውም አልተሰማቸውም። መጋረጃውን ከፍተው ጄኔራሉን አስገቡ።

አንድ እርምጃ። ሁለት። ሦስት።

ከሥራቸው፣ ከእግራቸው አጠገብ በሚባል ቅርበት፣ ጩኸት ፈነዳ።

መምህር ቱ ክው አሉ። እጃቸው አሻንጉሊቱ ውስጥ እንደ እንጨት ደረቀ። ጄኔራሉ በሦስተኛው እርምጃ ላይ እንደ ቆመ ቀረ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላየም። ሙዚቃው አለፈው። ጩኸቱም ድንገት ጸጥ አለ፤ ከዚያም አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ «እየጠበቀ ነው!» አለች።

ዩቸን እየተንደረደረች ከኋላ ገባች፤ ታለከልካለች።

«አጎንግ፣ ምን ሆኑ? ይቀጥሉ እንጂ!»

«ማነው የጮኸው?»

«ዝቅ ብለው ይዩ!»

በቀዳዳዋ ሳይሆን ከመጋረጃው ጫፍ ሥር አጮልቀው አዩ። ራስ ብቻ ነበር። ጥቁር ፀጉር፣ ቢጫ ኮፍያ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ። ልጆቹ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ከሚያየው ቀርበው ማየት ስለፈለጉ፣ በርጩማዎቹን አልፈው ከመድረኩ ሥር ተጨናንቀው ቆመዋል፤ አንዳንዱ አገጩን ሳንቃው ላይ አስደግፏል። ከቀዳዳዋ በታች ስለነበሩ አልታዩም።

መምህር ቱ የጄኔራሉን ራስ ወደ ግራ አዞሩ። ጠበቁ። ወደ ቀኝ አዞሩ። ጠበቁ። ጢሙን ሲዳብሱለት ሳቁ ከቤተ መቅደሱ ግንብ ጋር ተላተመ።

ጨዋታው ሁሉም ጊዜ እንደዚያ አልነበረም። ፍልሚያው ላይ ልጆቹ «ዝለል!» እያሉ ያዝዛሉ፤ አንዱ «ጌሙ ላይ ከዚህ በላይ ይዘላል!» ብሎ አማረረ፤ ወደ መጨረሻው ዘፈኑ ሲረዝም አንዳንዶቹ ስልካቸውን አወጡ። መሀል ላይ ደግሞ መምህር ቱ ላብ በላብ ያደረጋቸውን ድምፅ ሰሙ፤ ቃ፣ ቃ፣ ቃ፤ በርጩማ በበርጩማ ላይ ሲደረደር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጨዋታው መጨረሻ የሰሙት ድምፅ ነው። ጉዎ ቆጥሮ ጨርሷል ማለት ነው፤ ስልሳ በርጩማ፣ ዜሮ ሰው። ቃል ቃል ነው። እጃቸውን ግን አላወረዱም። ሌባውን ከዋንግዬ መሠዊያ ሥር አወጡት፣ ደወሉን አስመለሱት፣ ጄኔራሉን አሰናበቱት፣ መጋረጃውን ዘጉ።

ሲወጡ ጉዎ በላብ ርሶ፣ እስከ አገጩ የሚደርስ የበርጩማ ክምር ታቅፎ አገኙት። በርጩማዎቹ ከአደባባዩ ተነሥተዋል፤ አደባባዩ ግን ባዶ አልነበረም፤ ወላጆችና ሌሎች ልጆች እስከ መንገዱ ድረስ ቆመውበታል።

«በርጩማዎቹን ቆጠርክ?» አሉት መምህር ቱ።

«ምኑን ልቁጠረው? አንድም ሰው አልተቀመጠበትም።»

«አየሁ።»

«እንቅፋት ሆኑባቸው እኮ! አንዱ ልጅ ወድቆ ጉልበቱን ላጠ። ሦስት ረድፍ ካነሣሁ በኋላ ነው ሌሎቹ መግቢያ ያገኙት።» ጉዎ ክምሩን አስቀምጦ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ፤ ከመድረኩ ሥር አሁንም ያልተበተኑትን ልጆች አየ፤ ቃሉን አውጥቶ አውርዶ ያሰበበት ይመስላል። «ለኮሚቴው የምነግረውን አውቃለሁ። በሚመጣው ዓመት በርጩማ የሚባል ነገር አላወጣም።»

መምህር ቱ ወደ ልጆቹ ዞሩ። ጄኔራሉ አሁንም ቀኝ እጃቸው ላይ ነበር። አንዲት ባለቢጫ ኮፍያ ሴት ልጅ ጠጋ ብላ ልብሱን በጣቷ ነካችና፣ ከሥሩ የወጣውን የሽማግሌ ክንድ አይታ ጮኸች።

«እጅ አለበት! ውስጡ የእውነት እጅ አለበት!»

ሌሎቹም ለማየት ተሻምተው መጡ።